ቲማቲሙና ቃሪያው ሲጠወልግ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ውሃ አጠጥታችኋል፣ ቆራጭ ትል ግንዱን አልበላውም፣ መደቡም ውሃ አልቋጠረም። ይህን አይታችሁ ከሆነ ወደ ዋናው እንሂድ፤ ጅማ አካባቢ ጓሮ ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥመው አጠውልግ የሚባለው በሽታ ነው።

ምልክት፦ ቅጠሉ ቢጫ ሳይሆን ቀን ይጠወልጋል፣ ማታ ቀና ይላል። በጥቂት ቀን ውስጥ ጨርሶ ይወድቃል።

ምክንያት፦ በሥር ቁስል ገብቶ የግንዱን የውሃ መስመር የሚዘጋ የአፈር ባክቴሪያ። ለማረጋገጥ ግንዱን ከመሬት አጠገብ ቁረጡና ጣት የሚያህል ቁራጭ አዘጋጁ። ንጹህ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ላይ የተቆረጠው ጫፍ ብቻ ውሃውን እንዲነካ አንጠልጥሉት፤ አታነቃንቁት። በ5 ደቂቃ ውስጥ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ከወረደ አጠውልግ ነው። ክር ከሌለ ሥሩን ነቅላችሁ እዩ፤ ጠቁሮ ከበሰበሰ ችግሩ የውሃ መተኛት ወይም ፈንገስ ነው።

መፍትሄ፦ የታመመውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም። ማንኮዜብም ሆነ ሪዶሚል ለፈንገስ እንጂ ለባክቴሪያ አይሠሩም፤ «ይሄን ርጩ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ገንዘባችሁን እያባከነ ነው። ተክሉን ከሥሩ ዙሪያ አፈር ጋር አንሱና አቃጥሉ። ብስባሽ ውስጥ አትጨምሩ፤ ቦይ ውስጥም በፍጹም አትጣሉ፤ ከላይ የተጣለ አንድ ግንድ የታችኛውን መደብ ሁሉ ይበክላል። በአዌቱ ወንዝ ዳር ላሉ አትክልቶች ይህ እጥፍ ይሠራል፤ ከሌላ ማሳ አቋርጦ የሚመጣን ውሃ በመደብ መሃል አታሳልፉ። የቆረጣችሁበትን ቢላና ዶማ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ እጠቡ። በኩትኳቶ ጊዜ ሥር አታቁስሉ።

ቦታውን ቢያንስ 3 ዓመት በበቆሎ፣ በጎመን ወይም በነጭ ሽንኩርት አዙሩ። ድንች፣ ቃሪያ፣ ደበርጃንና ትምባሆ መመለስ በሽታውን መቀለብ ነው። በሽታውን ሳይታወቅ የሚያቆዩት አረሞች እምቧይና አስተናግር ናቸው፤ ንቀሏቸው። በ2004 ዓ.ም. ግድም በደቡብ ምዕራብ ዝንጅብልን ያወደመው የዚሁ ባክቴሪያ ዘመድ ነው፤ ዝንጅብል የጠወለገበት ቦታ ላይ ቲማቲም አትትከሉ። ጄራኒየም አበባም ስለሚይዘው ከቲማቲሙ አርቁት። ችግኝ ከማታውቁት መደብ አትግዙ፤ ከዘር ራሳችሁ አፍሉ። መደቡን 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፣ ከዳገቱ የሚመጣውን ጎርፍ የሚቀለብስ ቦይ አውጡ።

ሌሎቹ አጭር ናቸው። በክረምት ጭጋግ ቅጠሉ ውሃ የነካው መስሎ ቡናማ ከሆነና በቅጠሉ ጀርባ ነጭ ሻጋታ ከያዘ ምች ነው፤ እዚህ ላይ ማንኮዜብ ይረዳል፤ ግን ከመታመሙ በፊት ነው፤ በመለያው መጠንም ብቻ። ከመሬት እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ቅጠል አንሱ። የፍሬው ቂጥ ከጠቆረ በሽታ አይደለም፤ ውሃ ሲበዛና ሲያንስ ካልሲየም ወደ ፍሬው አይደርስም። ውሃውን አስተካክሉ፣ ዩሪያ ቀንሱ።

ጎመን ሐምራዊ ሆኖ ካነሰ ቀዩ አፈራችን ኮምጣጣ ስለሆነ ፎስፈረሱን ይዞበታል። በ100 ካሬ ሜትር ከ20 እስከ 30 ኪሎ የእርሻ ኖራ ከመትከል አንድ ወር በፊት ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ። ከዩሪያ ጋር በአንድ ቀን አትጨምሩ፣ ናይትሮጅኑ ይተናል። ሰማያዊ ሃይድራንጂያ ካላችሁ ግን እዚያ ኖራ አታድርሱ፤ ወደ ሮዝ ይለወጣል። አዲስ የቡና ገለፈት ያፈሰሳችሁበት መደብ ቢጫ ቢሆን ገለፈቱ አልበሰበሰም ማለት ነው፤ ወራት ይፈልጋል።

የአዲስ ቅጠል ጫፍ እንደ ገመድ ከተጠመዘዘ ደግሞ የመርጫው ፓምፕ በፊት ቱ ፎር ዲ የተባለውን የአረም ማጥፊያ ይዞ ሊሆን ይችላል። ፓምፑን በውሃ ማጠብ ብቻ አይበቃም፤ ለአረም ማጥፊያ የተለየ ፓምፕ ያዙ፣ ክዳኑ ላይም በቀለም ምልክት አድርጉበት።