ኦፊስ ወደ አዲሱ ኮምፒውተር አልሻገር ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

አዲስ ላፕቶፕ ሲገዛ ፎቶውም ሰነዱም በፍላሽ ይሻገራል። ወርድና ኤክሴልን የያዘው የማይክሮሶፍት ኦፊስ ግን እምቢ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ኮምፒውተር ቤት ይሄድና «ኦፊስ ጫንልኝ» ይላል። ልጁም ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረውን፣ ይጭንለታል። ባለቤቱ ምን እንደተጫነለት አያውቅም። ከወራት በኋላ ላይሰንስ (የመጠቀም ፈቃድ) የለህም የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ እንደገና ወደ ኮምፒውተር ቤት።

ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። አንዳንዱ በገንዘቡ የገዛው ላይሰንስ እያለው ነው ክራክ የሚያስጭነው። ሌላው ደግሞ ለሥራው የሚበቃ ፕሮግራም በነጻ ማግኘት ሲችል። ስለዚህ የሚታየውን ምልክት ይዘን ምክንያቱን እንፈልግ።

«ፎልደሩን ኮፒ አድርጌ ወሰድኩት፣ አይከፈትም»

ኦፊስ አንድ ፎልደር ውስጥ ተጠቃሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ሲጫን የዊንዶውስ ሬጅስትሪ (ዊንዶውስ የፕሮግራሞችን ቅንብር የሚመዘግብበት ቦታ) ውስጥ ብዙ መረጃ ይጽፋል። ከጀርባ የሚሠሩ አገልግሎቶችን ያስገባል። ላይሰንሱንም ከዚያ ኮምፒውተር ጋር ያያይዛል። ፎልደሩን ብቻ ገልብጦ መውሰድ ቆጣሪ ነቅሎ ሌላ ቤት ወስዶ መብራት እንደመጠበቅ ነው።

አዲሱ ኮምፒውተር ላይ እንደገና መጫን የግድ ነው። ከአሮጌው የሚሻገሩት ፋይሎችዎና ፕሮግራሙን የመጠቀም መብትዎ ናቸው። መብቱ መሻገር አለመሻገሩ ደግሞ በላይሰንሱ ዓይነት ይወሰናል።

«የገዛሁት የትኛውን እንደሆነ አላውቅም»

አብዛኛው ችግር የሚፈታው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ጊዜ ይስጡት። አሮጌው ኮምፒውተር ገና የሚነሳ ከሆነ ወርድን ይክፈቱ። «ፋይል»፣ ቀጥሎ «አካውንት» የሚለውን ይጫኑ። የምርቱ ስምና አክቲቬት መሆን አለመሆኑ (ላይሰንሱ መረጋገጥ አለመረጋገጡ) ይታያል። ገጹን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ኮምፒውተሩ ከተሸጠ ወይም ፎርማት ከተደረገ በኋላ ይህን መረጃ ማግኘት ከባድ ነው።

ስሙ «ማይክሮሶፍት 365» ከሆነ በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈልበት ነው። ይህ ለማሻገር ከሁሉም ቀላሉ ነው። ላይሰንሱ ያለው በአካውንትዎ ላይ እንጂ በኮምፒውተሩ ላይ አይደለም። አዲሱ ላይ ጭነው በዚያው ኢሜይል መግባት ብቻ ነው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ እስከ 5 መሣሪያ ላይ ገብቶ መጠቀም ይችላል። ቁጥሩ ከሞላ በማይክሮሶፍት አካውንት ገጽዎ በኩል ከአሮጌው ያስወጡት።

ስሙ ዓመት ካለው፣ ለምሳሌ «ሆም ኤንድ ስቱደንት 2021» የሚል ከሆነ፣ አንዴ ተከፍሎበት የተገዛ ነው። ለብቻው ተገዝቶ ከሆነ ወደ ሌላ የራስዎ ኮምፒውተር ማዛወር ይፈቀዳል። ደንቡ በ90 ቀን ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አይዛወርም ይላል፤ ኮምፒውተሩ ከተበላሸ ግን ይህ ገደብ አይሠራም። ከአሮጌው ላይ ማጥፋትም ግዴታ ነው፤ ሁለቱም ላይ ማቆየት አይቻልም።

ሦስተኛው ዓይነት ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የተገዛው ነው። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ዘመድ የላከው ላፕቶፕ ላይ ኦፊስ ተጭኖ ሲመጣ አንዳንዴ ይህ ይሆናል። እንዲህ ያለው ላይሰንስ በአብዛኛው ከዚያው ማሽን ጋር ይቀራል። ላፕቶፑ ከሞተ ላይሰንሱም አብሮ ሞተ ማለት ነው። የሚያናድድ ነገር ነው፣ ግን ውሉ እንደዚያ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ አብሮ የመጣው የአንድ ወር መሞከሪያ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ያ ከሆነ መጀመሪያውኑ የሚሻገር ነገር የለም።

አራተኛው የመሥሪያ ቤትና የዩኒቨርሲቲ ነው። ስሙ ላይ «ፕሮፌሽናል ፕላስ» የሚል ካዩ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ባለቤቱ ድርጅቱ ነው፤ እርስዎ ተጠቃሚ ብቻ ነዎት። ክራክ የተደረገውም አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ስም ይዞ ይመጣል። ስለዚህ በግል ላፕቶፕዎ ላይ ይህን ስም ካዩ ማን እንደጫነው ያጣሩ።

«ለወራት በደንብ ሠርቶ ድንገት ላይሰንስ የለህም አለኝ»

ከመሥሪያ ቤት የወጣ ላፕቶፕ ከሆነ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ በውስጥ ኔትወርካቸው ላይ ላይሰንስ የሚያድል ሰርቨር ያስቀምጣሉ። በዚህ መንገድ አክቲቬት የሆነ ኦፊስ የሚቆየው 180 ቀን ነው። ከድርጅቱ ኔትወርክ ጋር በተገናኘ ቁጥር ቀኑ ይታደሳል። ላፕቶፑ ቤት ከዋለ ግን ስድስት ወር ሲሞላ ያበቃል።

አሁንም እዚያው የሚሠሩ ከሆነ ላፕቶፑን መሥሪያ ቤት ወስደው ከኔትወርኩ ጋር ያገናኙት፤ ካልሆነም የአይቲ ክፍሉን ይጠይቁ። ሥራውን ከለቀቁ ግን ያ ላይሰንስ የእርስዎ አይደለም። ከታች ወደ ጻፍኳቸው ነጻ አማራጮች ይለፉ።

«ትክክለኛ ላይሰንስ አለኝ፣ አዲሱ ግን ግዛ ይለኛል»

ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ መፍትሄውም ቀላል ነው። አዲሱ ላፕቶፕ የራሱን መሞከሪያ ኦፊስ ይዞ መጥቷል። እርስዎ ደግሞ ሌላ ጨመሩበት። ሁለቱ ተጋጩ። ሁለቱንም ያጥፉ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያስነሱ፣ የራስዎን ብቻ ይጫኑ። «የ32 ቢት ስላለ የ64 ቢቱን መጫን አይቻልም» የሚለው መልእክትም መፍትሄው ያው ነው። የሁለቱ ዓይነት ኦፊስ አንድ ማሽን ላይ አብሮ አይኖርም።

አሁንም እምቢ ካለ ቀኑን ይመልከቱ። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲደክም የኮምፒውተሩ ቀን ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። እኛ አገር ደግሞ ሌላ መንስኤም አለ። አንድ ሰው ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ከሞላው ኮምፒውተሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር አክቲቬት ለማድረግ ይቸገራል፤ ብዙ ድረ ገጾችም አይከፈቱለትም። ቀኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያስተካክሉ። የሰዓት ክልሉ የናይሮቢ ቢሆን ችግር የለውም፤ ከእኛ ጋር አንድ ነው።

«ቁልፉ ጠፋብኝ»

25 ፊደልና ቁጥር ያለውን ቁልፍ መጀመሪያ ሲጭኑ በማይክሮሶፍት አካውንት ካስመዘገቡት ከእንግዲህ አያስፈልግዎትም። በዚያው አካውንት ገብተው ከአገልግሎቶች ገጽ ላይ ያውርዱት። የትኛው ኢሜይል እንደሆነ ከረሱ ያሉዎትን ሁሉ አንድ በአንድ ይሞክሩ።

ቁልፉን ከአሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ እናወጣለን በሚሉ ፕሮግራሞች አይድከሙ። ከ2013ቱ ኦፊስ ጀምሮ ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጡት የቁልፉ የመጨረሻ 5 ፊደሎች ብቻ ናቸው። ሙሉው እዚያ የለም። በኢንተርኔት በጣም ርካሽ ከሚሸጡ ቁልፎችም ይጠንቀቁ። ብዙዎቹ ለድርጅት የተሰጡ ሆነው ይገኛሉ፤ አንድ ቀን ይዘጋሉ።

«ሰነዱ ተከፈተ፣ አማርኛው ግን የማይነበብ ሆነ»

ለእኛ ዋናው ራስ ምታት ይህ ነው። የኦፊስ ጥፋት ግን አይደለም።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ አሠራር) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ዓመታት፣ መሥሪያ ቤቶቻችን በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ ፎንቶች ሲጽፉ ኖረዋል። በአሮጌዎቹ ፎንቶች ሲጻፍ ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደሎችንና ምልክቶችን ነው። ፎንቱ ብቻ ነው በአማርኛ መልክ የሚያሳያቸው። ስለዚህ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ደብዳቤው የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደል ይሆናል። ጽሑፉ አልጠፋም። ደንግጠው ፋይሉን እንዳያጠፉት።

ለመለየት አንድ ቃል መርጠው ፎንቱን ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ይቀይሩ። አማርኛው እንዳለ ከቀረ ዩኒኮድ ነው። ወደ ላቲን ከተቀየረ የድሮው ነው።

የድሮው ከሆነ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ የዊንዶውስ ፎንትስ ፎልደርን ይክፈቱ። የግዕዝ ፎንቶቹን በፍላሽ ወስደው አዲሱ ላይ ይጫኑ። ሰነዱ ወዲያው ይነበባል። ከዚያ ጊዜ ሲያገኙ አስፈላጊ ሰነዶችን ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ይቀይሯቸው። ከመቀየርዎ በፊት ዋናውን ለብቻ ያስቀምጡ፤ ሥርዓተ ነጥብና ቁጥር ላይ ስህተት ስለሚፈጠር ከዋናው ጋር እያስተያዩ ማረም ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ለነገ ባያሳድሩት እመክራለሁ። የማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የዕድር መዝገብ፣ የቤተሰብ ውል በእነዚያ ፎንቶች ተጽፎ ተቀምጧል። ፎንቱ ያለበት የመጨረሻው ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚያነበው ይጠፋል።

ዩኒኮድ ሆኖ ገጹ ብቻ ከተዛባ፣ ማለትም አንድ ገጽ የነበረው ሁለት ከሆነ፣ ፎንቱ በሌላ ተተክቷል። ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንት በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ አብሮ አይጫንም። ከሴቲንግስ ውስጥ፣ ተጨማሪ ፊቸሮች ከሚለው ቦታ፣ የኢትዮፒክ ፎንቶችን ጨምሩልኝ ማለት ይቻላል። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል እና ኖቶ ኢትዮፒክ የተባሉት ፎንቶች ደግሞ ነጻ ናቸው፤ የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ይሠራሉ። ከእንግዲህ የሚጽፉትን በእነዚህ ቢጽፉ ሌላ ሰው ጋ ሲደርስ የመዛባቱ ዕድል ይቀንሳል።

«አውትሉክ ተከፈተ፣ የድሮ ኢሜይሎቼ የሉም»

ኢሜይሉ ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ ከሆነ አካውንቱን ሲያስገቡ ራሱ ይመጣል። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ብቻ የተቀመጠ ከሆነ ዶክመንትስ ውስጥ «አውትሉክ ፋይልስ» የሚል ፎልደር ይፈልጉ። በውስጡ ያለውን፣ ኢሜይሎቹ የተቀመጡበትን የፒ ኤስ ቲ (.pst) ፋይል አውትሉክን ዘግተው ወደ አዲሱ ይቅዱ።

«ክራክ ምን ችግር አለው? ሁሉም ይጠቀማል»

አብዛኛው የኦፊስ ክራክ የሚሠራው ከላይ የጠቀስኩትን የድርጅት ሰርቨር አስመስሎ ነው። ለመጫን መጀመሪያ አንቲቫይረስዎን ያስጠፋዎታል። ያን ጊዜ ምን አብሮ እንደገባ ማንም አይነግርዎትም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሬድ ካናሪ የተባለው የደህንነት ድርጅት የዚህ ዓይነት አክቲቬተር መስሎ የሚመጣ ፋይል የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ቫይረስ እንደያዘ አሳይቷል። የሒሳብ ሠራተኛ፣ የባንክ ሒሳቡን በኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ ነጋዴ፣ የደንበኛ ሰነድ የያዘ ጠበቃ ይህን አደጋ መውሰድ የለበትም። በሕግም ቢሆን የኮምፒውተር ፕሮግራም በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት ጥበቃ አለው።

«ላይሰንሱ አይሻገርም፣ አዲስ የምገዛበትም የለኝ»

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ሊብሬኦፊስን ነው። ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፤ ለድርጅትም ቢሆን። አክቲቬሽን የለውም፣ ቁልፍ የለውም። የፈለጉትን ያህል ኮምፒውተር ላይ ይጫኑት። አንዴ 350 ሜጋ ባይት ገደማ ካወረዱ በፍላሽ ለጎረቤትም ማዳረስ ይቻላል፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሜኑውን በአማርኛ ማድረግም ይቻላል። አዲሶቹ እትሞች ዊንዶውስ 10 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። የጀርመኗ ሽሌስቪግ ሆልሽታይን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 30,000 የሚጠጉ የመንግሥት ኮምፒውተሮቿን ወደዚሁ ለማዛወር ወስናለች። ስለዚህ «ለቁም ነገር አይሆንም» የሚለውን አይስሙ።

አንድ ነገር ግን ገና ሲጫን ያስተካክሉ። ሊብሬኦፊስ የሚያስቀምጠው በራሱ ፎርማት ነው። ከ«ቱልስ» ወደ «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ሎድ ኤንድ ሴቭ» ሥር «ጄነራል» ገብተው ሁልጊዜ በወርድና በኤክሴል ፎርማት እንዲያስቀምጥ ይምረጡ። ያለዚያ የላኩለት ሰው «ፋይልህ አልከፈት አለኝ» ሊል ይችላል። ድክመቱንም ልናገር። ማክሮ (ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) የተጻፈባቸው የኤክሴል ፋይሎች ብዙ ጊዜ በትክክል አይሠሩም። ውስብስብ ዲዛይን ያለው ሰነድም ሊዛባ ይችላል። ደመወዝ የሚሠሩበት ፋይል ማክሮ ካለው አሮጌውን ከማጥፋትዎ በፊት የአንድ ወር ደመወዝ በሁለቱም ሠርተው ያወዳድሩ።

የወርድን መልክ የለመደ ሰው ኦንሊኦፊስ ይቀለዋል። ደብሊው ፒ ኤስም መልኩ ይመሳሰላል፤ ነጻው ግን ማስታወቂያ አለበት። ኢንተርኔት የማይቸግረው ሰው የማይክሮሶፍትን የራሱን ወርድና ኤክሴል በብራውዘር በነጻ መጠቀም ይችላል፤ 5 ጊጋ ባይት ማስቀመጫም ያገኛል። ብዙ ሰው ይህ መኖሩን አያውቅም።

በመጨረሻ፣ ያለዎት 2016 ወይም 2019 ከሆነ ማይክሮሶፍት ድጋፉን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። መሥራቱን አያቆምም። የደህንነት ማሻሻያ ግን አያገኝም። ከማያውቁት ሰው በኢሜይል የመጣ ፋይል በእነዚህ አይክፈቱ።

አሮጌውን ኮምፒውተር ከመሸጥዎ ወይም ለሰው ከመስጠትዎ በፊት ኦፊስ ውስጥ ከአካውንትዎ ይውጡ። ሰነዶቹ፣ ፎንቶቹና ኢሜይሉ አዲሱ ላይ መከፈታቸውን አንድ በአንድ አይተው ሲያረጋግጡ ብቻ ፎርማት ያድርጉት።