‹ቤሊ› የትኛው ሆድ ነው? ቃሉን ሳይሳሳቱ እንዴት መተርጎም ይቻላል

በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ በአስተርጓሚነት ስጀምር የፈራሁት ረጃጅሞቹን የሕክምና ቃላት ነበር። እነሱን በሦስት ወር ሸመደድኳቸው። ያዋረደኝ ሆድ ነው። እንግሊዝኛው ለሆድ አምስት ያህል ቃል አለው፤ አማርኛው ደግሞ በአንዱ ሆድ ሕመሙንም፣ ሐዘኑንም፣ ምስጢሩንም፣ ትዕግሥቱንም ያስቀምጣል። ከዚህ በታች ያለው አሁን የምከተለው አካሄድ ነው፤ ለአስተርጓሚም፣ ቋንቋውን ለሚማርም፣ ወላጆቹን ሐኪም ዘንድ ይዞ ለሚሄድ ልጅም ይሆናል።

1. መጀመሪያ አምስቱን ቃላት ለዩ

‹አብዶመን› የሐኪም ቃል ነው፤ በደረትና በዳሌ መካከል ያለውን ክፍል ሁሉ ይይዛል። በቤት ውስጥ ሲባል አይሰማም። ‹ስቶማክ› በትክክለኛ ትርጉሙ ጨጓራ ነው፤ በዕለት ንግግር ግን ለሆድ ሁሉ ይውላል። ‹ተሚ› ‹ስቶማክ› ከሚለው የሕፃናት አጠራር የመጣ ስለሆነ ለልጅ ይመቻል። አንድ ጎልማሳ ሰው ‹ተሚዬን አመመኝ› ቢል ነውር የለበትም፤ ሲያለሳልሰው ነው። ‹ገት› አንጀት ነው፤ በብዙ ቁጥር ሲነገር ደግሞ ‹ገትስ› ወኔ ይሆናል።

የቀረው ‹ቤሊ› ነው። ይህን ቃል ለመያዝ የረዳኝ የዘር ሐረጉ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ትርጉሙ ከረጢት ወይም አቁማዳ ነበር፤ አንጥረኛ እሳት የሚያናፋበት ወናፍ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ቃልም ከዚሁ ሥር ወጥቷል። ስለዚህ ‹ቤሊ› ሲባል ወናፍ ይታያችሁ፦ አየር ገብቶበት የሚነፋ ቆዳ። ቃሉ የሚናገረው ከውጭ ስለሚታየው ቅርጽ ነው። ነፋስ የሞላው ሸራ፣ የአውሮፕላን የታችኛው አካል፣ የቫዮሊን ጎበጥ ያለው የፊት ገጽ ሁሉ ‹ቤሊ› የተባሉት በዚህ ምክንያት ነው። ‹ስቶማክ› ግን ከግሪክኛው ‹አፍ› ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ጥንት የሚያመለክተው ጉሮሮን ነበር። አንዱ ከረጢት፣ ሌላው መዋጫ ነው። ‹ስቶማክ› ግስ ሲሆን ‹መታገሥ፣ ዋጥ አድርጎ መቻል› የሚል ትርጉም የሚይዘውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ‹ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ› የሚለው አማርኛ ቁልጭ አድርጎ ይገልጸዋል።

የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ‹በባዶ ሆድ ይወሰድ› የሚለው ሁልጊዜ በ‹ስቶማክ› ይጻፋል። በ‹ቤሊ› ብትተኩት ድህነትና ረሃብ ይመጣል።

2. የተጣመሩትን እንደ አንድ ቃል ያዙ

እዚህ ላይ አቋራጭ የለም፤ መያዝ ብቻ ነው። ‹ቤሊ በተን› እምብርት ነው። ‹ፖት ቤሊ› ቦርጭ ነው፤ በቢራ የመጣ ከሆነ ‹ቢር ቤሊ› ይሆናል። ‹የሎው ቤሊ› ፈሪ። ‹ቤሊኤክ› ስም ሲሆን የሆድ ሕመም፣ ግስ ሲሆን መነጫነጭ። ‹ቤሊ ላፍ› ሆድን ይዞ መሳቅ፤ ይህ አንዱ ያለ ችግር የሚገጥም ነው። ‹ቤሊ ላንዲንግ› አውሮፕላን ጎማው ሳይወጣ በአካሉ ሲያርፍ። እባብ በእንግሊዝኛ በ‹ቤሊው› ይሄዳል፤ በእኛ ደግሞ ምንም እንኳ የዘፍጥረት ትርጉም ‹በሆድህ ትሄዳለህ› ቢልም፣ ሰው ሁሉ ‹በደረቱ ይሳባል› ነው የሚለው። እንደ ሰው ተናገሩ።

ሦስቱ ግን ልብ ይፈልጋሉ። ‹ቤሊ አፕ› የሞተ ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ከሚንሳፈፈው የተወሰደ ነው፤ ስለ ድርጅት ሲነገር ከሰረ ማለት ነው። ጀማሪ ሳለሁ አንድ የንግድ ጽሑፍ ስተረጉም ‹ድርጅቱ በጀርባው ተኛ› ብዬ ጽፌያለሁ። አርታኢው ‹መቼ ሊነሣ ነው?› ብሎ በቀይ ብዕር ጻፈልኝ።

‹ሶፍት አንደርቤሊ› ጥቃት የሚቀልበት ቦታ ነው። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል እ.ኤ.አ. በ1942 ስለ ሜድትራንያን ግንባር ሲናገር የአክሲስ ኃይሎችን፣ ማለትም የጀርመንንና የጣሊያንን ጎራ፣ የታችኛ ሆድ ጠቅሶ ነበር፤ ያነጣጠረው ጣሊያን ላይ ነው። ለዚህ ‹ለስላሳ ሆድ› የሚል ትርጉም ማየት ያናድደኛል፤ ‹ስስ ብልት› የሚል ለልኩ የተሰፋ የሚመስል አማርኛ አለን።

‹ፋየር ኢን ዘ ቤሊ› ደግሞ ወጥመድ ነው። እንግሊዝኛው ማሸነፍ የሚፈልግ፣ የሚንቀለቀል ወኔ ማለቱ ነው። ‹በሆዱ እሳት አለ› ብትሉት አማርኛ አንባቢ ወንድሙ የሞተበት ወይም ቂም የያዘ ሰው ይታየዋል። በእኛ ሆድ ውስጥ እሳት ሲነድ የሚነደው ሐዘን ነው።

ስለ ገበያ የምትተረጉሙ ካላችሁ ‹ፖርክ ቤሊ› ያጋጥማችኋል። ቤከን የሚሠራበት የአሳማ የሆድ ሥጋ ነው፤ በቺካጎ የሸቀጥ ገበያ ከ1961 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ የወደፊት ውል (ዋጋው ዛሬ ተቆርጦ ዕቃው ወደፊት የሚረከቡበት ስምምነት) ይገበያዩበት ነበር። ቀልድ መስሏችሁ እንዳትዘሉት።

3. ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስትሄዱ ቁሙ

ከባዱ ይህ ነው።

አንድ ቀን በአንድ ክሊኒክ አንዲት እናት ገቡ። ነርሷ ዛሬ ምን እንደሚሰማቸው ጠየቀቻቸው። እማማ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ‹ሆድ ብሶኛል ልጄ› አሉ። እኔ ቸኮልኩ። ሆድ አለ፣ መባስ አለ፤ ‹የሆድ ሕመሜ ብሶብኛል ይላሉ› ብዬ በእንግሊዝኛ አቀበልኩ። ነርሷ አልጋ ላይ አስተኛቻቸው። ሐኪሙ መጥቶ እየተጫነ ‹እዚህ ነው? እዚህስ?› ይል ጀመር። እሳቸው ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩና ‹ልጄ፣ ምን አልኩና ነው የሚዳብሱኝ?› አሉ። አገር ቤት ወንድማቸው ተቀብሮ ሳምንቱ ነበር፤ ለቀብሩ መድረስ አልቻሉም። የመጡት ለደም ግፊታቸው ክትትል ነው።

ስህተቱን ለሐኪሙ ያስረዳሁት ጆሮዬ እስኪግል ድረስ አፍሬ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሆድ የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ከሦስት ክፍል አንዱ ውስጥ ሳልመድበው አፌን አልከፍትም።

አንደኛው ክፍል አካል ነው፤ እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ‹ይቆርጠኛል› እና ‹ያቃጥለኛል› የተለያየ ሕመም ናቸው። ‹ይነፋኛል› ጋዝ ነው። ‹ሆዴ ደርቋል› ዐይነ ምድር አልወጣም ማለት እንጂ ውኃ የጠማው ሆድ የለም። ‹ያስቀምጠኛል› ደግሞ ከመቀመጥ ጋር አይገናኝም፤ ተቅማጥ ነው። የሁሉም አለቃ ግን ‹ጨጓራ አለብኝ› የሚለው ነው። እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ብትወስዱት ሐኪሙ ‹ሁላችንም አለን› ይላችኋል። የጨጓራ ሕመም፣ ብዙ ጊዜም ማቃጠል ማለት ነው። በሽታውን ግን እናንተ አትሰይሙ፤ የሚሰማቸውን ብቻ ንገሩ።

ሁለተኛው ክፍል ማህፀን ነው። ‹ሆዷ ገፍቷል› ያለ ሰው መውለጃዋ መቃረቡን ነው የነገራችሁ። ‹ሆድ ዥንጉርጉር ነው› ሲባልም ከአንዲት እናት የሚወጡ ልጆች ጠባያቸው አይመሳሰልም ማለት ነው። የድሮው እንግሊዝኛም ‹ቤሊ› ሲል ማህፀን የሚልበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬ ግን በዚህ ትርጉም አትጠቀሙበት።

ሦስተኛው ስሜትና ጠባይ ነው፤ እዚህ ‹ቤሊ› የሚባለውን ቃል ጨርሶ እርሱት። ሆደ ሰፊ ታጋሽ ነው፤ ቃል በቃል ከተወሰደ ግን የተመሰገነው ሰው ተሰድቦ ይወጣል። በስልክ መተርጎሚያ ሞክሬው ቦርጫም አድርጎታል፤ እነዚህን መሣሪያዎች ለአውቶቡስ ሰዓት እንጂ ለሆድ አላምናቸውም። ሆደ ባሻ ቶሎ የሚከፋው ነው፣ ሆደ ቡቡ እንባው ቅርብ የሆነ። ‹የሆዴን ነገርኩት› ምስጢር ነው። ‹ሆድና ጀርባ ሆኑ› ተኳረፉ፣ ተለያዩ ነው። ‹ሆዴን ባር ባር አለኝ› የሚለውን አንዳንዶች እንግሊዞች ፈተና ሲደርስባቸው ‹በሆዴ ቢራቢሮ አለ› ከሚሉት ጋር ያጋጥሙታል። እኔ አልስማማም። የእነሱ ቢራቢሮ ደስታም ይኖርበታል፤ የእኛ ባር ባር ማለት ግን ክፉ ወሬ የሚጠብቅ ሰው ስሜት ነው።

4. ካልለየላችሁ ጠይቁ

ብዙ ሰው መጠየቅ አላዋቂነት ይመስለዋል። መጀመሪያ ለሐኪሙ ‹አስተርጓሚው ቃሉን ማጣራት ይፈልጋል› በሉት፤ በሁለት ሰዎች መካከል ባልታወቀ ቋንቋ መነጋገር ጥርጣሬ ይፈጥራል። ከዚያ ‹እማማ፣ የሚያምዎት ነው ወይስ የከፋዎት ነገር አለ?› ብሎ መጠየቅ ነው። እጃቸው ሆዳቸው ላይ ከሄደ አካል ነው። ራሳቸውን ከነቀነቁ ወይም ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው ከወሰዱ ሌላ ነው።

መዝገበ ቃላትን በተመለከተ፣ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ የሚፈታውን ግዙ። ሁለት ቋንቋ የሚያጋጥሙት ‹ቤሊ፦ ሆድ› ብለው ያልፋሉ፤ እዚህ ድረስ ማን አጥቶት!

5. የማይተረጎመውን ተዉት

እዚሁ የተወለደች ሕፃን አያቷ ‹ነይ የኔ ሆድ› ሲሏት ሰምታ ‹አያቴ ለምን ስቶማክ ትለኛለች?› ብላ ጠየቀችኝ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ለወደዱት ሰው ማርም፣ ስኳርም፣ ዱባም ይላሉ፤ ‹ቤሊ› ሲሉ ግን ሰምቼ አላውቅም። ‹ስዊትሃርት› ብዬ ልመልስላት አሰብኩና ተውኩት። አያቷን እንድትጠይቅ ነገርኳት። አያቷም አቅፈዋት ‹እዚህ ውስጥ ስለምታድሪ› አሉና እጇን ወስደው ሆዳቸው ላይ አደረጉት።