ለምጽን ማከም፦ ቅባቱ፣ ጨረሩና የሚፈልገው ጊዜ

የለምጽ ሕክምና ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከሁለት በአንዱ ነው፤ ወይ ቅባቱ ገና በስድስተኛው ሳምንት «አልሠራም» ተብሎ ይጣላል፣ ወይ ቆዳው ሐኪም ሳያየው በሎሚና በቅጠል ተቃጥሎ ይደርሳል። ቀለም መመለስ ሲጀምር የሚታየው ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ነው። ይህን ሳያውቁ መጀመር ገንዘብም ተስፋም ያስጨርሳል።

የቆዳችንን ቀለም የሚሠሩት ሜላኖሳይት የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው። በለምጽ ጊዜ የሰውነት የበሽታ መከላከያ ኃይል እነዚህኑ ሕዋሳት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃቸዋል፤ ባለቁበት ቦታ ቆዳው ይነጣል። ከመቶ ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። በመጨባበጥ፣ ከአንድ መሶብ በመብላት፣ በልብስም ሆነ በአልጋ አይተላለፍም። ከሥጋ ደዌ ጋርም ዝምድና የለውም። ለምጽ ያለበትን ሰው ከማዕድ ማራቅ ምንም የሕክምና መሠረት የሌለው በደል ነው።

መጀመሪያ በእርግጥ ለምጽ መሆኑን ያረጋግጡ። ለምጽ እንደ ኖራ ነጭ ነው፤ ቆዳው ልስልስ ያለ ነው፣ አይላላጥም፣ ሲነኩት ይሰማል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም እጅ ወይም ሁለቱንም ጉልበት ይይዛል። ደረትና ጀርባ ላይ ወጥቶ በጥፍር ሲፋቅ ዱቄት የሚመስል ነገር የሚያወጣው ቋቁቻ ነው፤ እሱ በፀረ ፈንገስ መድኃኒት ይድናል። ደብዘዝ ያለና ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካለ ግን የሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ይመርመሩ። አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል በሥጋ ደዌም በቆዳ በሽታም የቆየ ልምድ አለው። ሐኪሙ በጨለማ ክፍል ውስጥ «የዉድ መብራት» የሚባለውን የአልትራቫዮሌት መብራት ያበራል፤ ለምጹ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ቦግ ይላል። የታይሮይድ ደም ምርመራም ይጠይቁ፤ የእንቅርት ዕጢ ችግር ከለምጽ ጋር አብሮ ይታያል።

አሁን ወደ ቅባቱ። ለፊት፣ ለአንገትና ለብብት የሚሻለው ታክሮሊመስ 0.1 በመቶ ነው፤ ጠዋትና ማታ ይቀባል። ከ2 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሰጠው 0.03 በመቶው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቃጥላል፤ እየቆየ ይተዋል። ለእጅ፣ ለእግርና ለወገብ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው እንደ ሞሜታሶን 0.1 በመቶ ወይም ክሎቤታሶል 0.05 በመቶ ያለ የስቴሮይድ ቅባት ነው፤ በቀን አንዴ፣ በወር 15 ቀን ተቀብቶ 15 ቀን ያርፋል። ልኩ እንዲህ ነው፦ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ከቱቦው የሚወጣው ቅባት ግማሽ ግራም ይሆናል፤ ይህም ከነጣቱ ሁለት የአዋቂ መዳፍ ለሚያህል ቆዳ ይበቃል። ነጩ ላይ ብቻ በስሱ ይቀቡ። ማብዛት መዳኑን አያፋጥንም።

ስቴሮይድ ያለ እረፍት ከተቀባ ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥሮችን ያወጣል፤ ዓይን አጠገብ ከሆነ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። ፊት ያቀላል እየተባሉ የሚሸጡ ብዙ ክሬሞች ውስጥም ክሎቤታሶል አለ። አንዳንዶቹ ደግሞ ሜላኖሳይትን ራሱን የሚገድል ኬሚካል ስላለባቸው አዲስ ነጭ ያወጣሉ። ለምጽ ያለበት ሰው እነዚህን ፈጽሞ መንካት የለበትም።

በየወሩ መጀመሪያ፣ በአንድ መስኮት ብርሃን፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ፎቶ ያንሱ። የሚፈልጉት የነጩን ጠርዝ መጥበብ ብቻ አይደለም፤ መሐሉ ላይ በየፀጉሩ ሥር የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ቡናማ ነጠብጣቦች መውጣታቸውን ይዩ። የተረፉት ሜላኖሳይቶች የሚወጡት ከፀጉሩ ሥር ነውና። ፊት ቶሎ የሚመልሰው፣ የጣት ጫፍና ከንፈር ደግሞ እምቢ የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው። በነጩ ላይ ያለው ፀጉር ራሱ ከነጣ ቅባት ብቻውን እምብዛም አይረዳም። ለምጹ ቢያንስ ዓመት ሙሉ ሳይሰፋ ከቆየ ግን ከጤነኛው ቆዳ ወስዶ መትከል ይቻላል፤ በተለይ በአንድ ጎን ብቻ ለወጣ ለምጽ ጥሩ ውጤት አለው።

ሎሚና ጤና አዳም ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መቀመጥ የተለመደ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ሁለቱም ቆዳን ለፀሐይ የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር ስላላቸው ውኃ እስኪቋጥር ድረስ ያቃጥላሉ፤ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ያለ ፀሐይም ይልጣል። ለምጽ ያለበት ሰው ቆዳ በተቃጠለበት፣ በተቆረጠበትና በተፈገፈገበት ቦታ አዲስ ለምጽ ሊወጣ ይችላል። ጠባብ ቀበቶ፣ የሚያጠብቅ የጡት መያዣ፣ በሻካራ ነገር መታሸት፣ ደረቅ መላጨት ሁሉ ከዚሁ ይቆጠራሉ።

ለምጹ ሰፋ ያለ ከሆነ ጨረር አለ፤ ጠባብ ባንድ ዩቪቢ የሚባል የአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 311 ናኖሜትር ገደማ ነው። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይሰጣል፣ በተከታታይ ቀን ግን አይሰጥም። ልኩ ከትንሽ ተነሥቶ ቆዳው ቀላ እስኪል ድረስ ይጨመራል። መቅላቱ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ወይም ካመመ ልኩ በዝቷልና ለባለሙያው ይንገሩ። ዓይን በመነጽር፣ የወንድ ብልት በልብስ ይሸፈናል። ጨረሩ ከቅባቱ ጋር ሲሆን ከብቻው ይሻላል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ስለ ሩክሶሊቲኒብ 1.5 በመቶ ክሬም ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ አሜሪካ ውስጥ ከ2022 ጀምሮ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ተፈቅዷል። ዋጋው ውድ ስለሆነ መድን መሸፈኑን አስቀድማችሁ አጣሩ።

ነጩ በሳምንታት ውስጥ እየሰፋ ከሄደ፣ ወይም ጤፍ እንደተበተነ ያሉ ደቃቅ ነጠብጣቦች ከወጡ የወር ቀጠሮ አይጠብቁ። ይህን ጊዜ ሐኪሙ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚዋጥ ዴክሳሜታሶን ሊያዝ ይችላል። ከፋርማሲ ራስዎ ገዝተው አይጀምሩት፤ ስኳር፣ ደም ግፊትና ጨጓራ ላለበት አደገኛ ነው።

ነጩ ቆዳ ከፀሐይ የሚከላከልበት ቀለም የለውም። ከፍታ ላይ ፀሐዩ ስለሚበረታ አዲስ አበባም ደብረ ብርሃንም ላሉ የመከላከያ ቁጥሩ 30ና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም ያስፈልጋል። ለመሸፈን ቡናማ ቀለም የሚሰጥ ዳይሃይድሮክሲአሴቶን ያለበት ቅባት ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆያል። ጥቁር ሂና ግን ይቅር፤ የሚጨመርበት የፀጉር ቀለም ኬሚካል ቆዳ ሊያነጣ ይችላል።

ቀለሙ ከተመለሰ በኋላም ቅባቱን በአንዴ አያቁሙ። ሕክምናውን ካቆሙ ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት ከአሥሩ ለአራቱ ያህል ነጩ ይመለሳል። ታክሮሊመስን በሳምንት ሁለት ጊዜ መቀባት ይህን በጣም ይቀንሳል።