«ወላጅ አምጣ» እስኪባል አትጠብቁ

ደሴ ላደግን ሰዎች «ወላጅ አምጣ» የሚለው ቃል እስካሁን ያስደነግጠናል። ወላጅ የሚጠራው ልጅ ሲደባደብ ወይም መስታወት ሲሰብር ነበር። ዛሬ እኛው ወላጅ ሆነን የመንግሥት ትምህርት ቤት ደጃፍ የምንረግጠው በዚያው ልማድ ነው። ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል።

መዘዙ ብዙ ነው። ልጁ የእናት የአባቱን መምጣት ከቅጣት ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ ይደብቃል። ወይ ጎረቤት ይለምናል፣ ወይ አንዱን የሱቅ ሰው «አጎቴ ነው» ብሎ ይዞ ይሄዳል። መምህሩ ምክሩን ሁሉ ለማያገባው ሰው ይናገራሉ፤ ቤት ግን ማንም አልሰማም። መስከረም ላይ ትምህርት እንደተጀመረ የክፍሉን ሆም ሩም፣ ማለትም ክፍሉን በኃላፊነት የያዘውን መምህር፣ አግኝታችሁ ተዋወቁ። ስልካችሁን ስጡ። አስር ደቂቃ ይበቃል። መልካችሁ ከታወቀ በኋላ የውሰት አጎት ይዞ መሄድ ይከብዳል።

ካርድ ላይም እንሳሳታለን። ዓይናችን ቀድሞ ደረጃው ላይ ያርፋል፤ «ስንተኛ ወጣህ?» እንላለን። ውጤቱ ግን የአንድ ፈተና ብቻ አይደለም። የቤት ሥራው፣ የክፍል ሥራው፣ ትንንሹ ፈተና ሁሉ ይደመራል። ሒሳብ 52 ያመጣች ልጅ የቤት ሥራ ሳትሠራ ቀርታ ነው ወይስ ማጠቃለያ ፈተናው ከብዷት? መፍትሔው ለየቅል ነው። ልዩነቱን የሚነግሯችሁ መምህሯ እንጂ ካርዱ አይደለም። 6ኛ እና 8ኛ ክፍል ደግሞ ክልላዊ ፈተና አለ፤ ሰኔ ላይ መደንገጥ ዋጋ የለውም።

«ስብሰባ የሚጠሩን ለመዋጮ ነው» ብሎ መቅረትም አለ። እውነት ነው፣ መዋጮ ይነሳል። የቀረ ወላጅ ግን ብሩ ምን ላይ እንደዋለ ለመጠየቅም አፍ የለውም። ወተመህ፣ ማለትም የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት፣ የተቋቋመው ወላጅ በትምህርት ቤቱ ጉዳይ እንዲገባበት ነው። በ2014 ጦርነት በክልላችን ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘረፈና እንደፈረሰ አይተናል። ወንበሩም ሰሌዳውም የልጆቻችን ነው። ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ሲመረጥም «እኔ ጊዜ የለኝም» ብላችሁ አትሽሹ።

አንዳንዱ ወላጅ ደግሞ ልጁን አስረክቦ ይመለሳል። «ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ እንጂ ግረፉት» ይላል። ለልጁ ያሰበ መስሎት ነው። ነገር ግን የ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ እንዲሆን ደንግጓል። መብቱን እኛው አሳልፈን አንስጥበት። በተቃራኒው ልጅ እየሰማ «ይሄ አስተማሪ ምን ያውቃል!» ማለትም ያው ጥፋት ነው። ቅሬታ ካለ ልጁ በሌለበት፣ መጀመሪያ ለመምህሩ፣ ካልሆነ ለርዕሰ መምህሩ ይነገራል።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠሩ እናቶች፣ አብሽሩ። በሥራ ሰዓት መገኘት ካቃታችሁ ለመምህሩ ደውሉ፣ ወይም ትምህርት ቤቱ የሚያውቀው አንድ የቤተሰብ ሰው ወክሉ። አባቶችም አላችሁ፤ ነገሩን ሁሉ ለእናት አትተዉት።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ ምን አውቄ ልከታተል?» የሚሉ ወላጆች ግን በጣም ያሳዝኑኛል። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ማታ ቡና እያፈላች ደብተሬን አስገልጣ ቀዩን እስክሪብቶ ትፈልጋለች። ራይት ከበዛ «ጎሽ የኔ ልጅ» ትለኛለች። ኤክስ ካየች «ይሄን ምን ብለው አስረዱህ? እስቲ ለእኔም ንገረኝ» ትላለች። ለእሷ ለማስረዳት ስል ቡናው እስኪፈላ ደግሜ አነበው ነበር።