ራስፕቤሪ ፓይ 4 አልነሳ ስትል መጀመሪያ መብራቶቿን እዩ

በክረምት ደብረ ማርቆስ ላይ ነጎድጓድ ባለፈ ማግስት ከትምህርት ቤቶች የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ትንሿ ኮምፒውተር ራስፕቤሪ ፓይ አልነሳ አለች፤ እንደ አዲስ እንጫንባት?» እባካችሁ አትጫኑ። ሲስተሙና ፋይሎቹ ያሉበት ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ላይ ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን የመምህራኑን ማስታወሻና የተማሪዎቹን ውጤት ጠራርጎ ያጠፋል። ጥፋቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የካርዱ አይደለም።

ቦርዷ ላይ ያለችው ቀይዋ መብራት ካልበራች ወይም እየበራች ከጠፋች ችግሩ የኃይል ነው። ፓይ 4 በ5 ቮልት 3 አምፔር ትፈልጋለች። ቮልቴጁ ከ4.63 በታች ሲወርድ ቀይዋ ትጠፋለች፤ ስክሪኑ ላይም የመብረቅ ምልክት ይወጣል። ቻርጀሩ ስልክ ስለሞላ ብቻ ለእርሷም ይበቃታል ብላችሁ አትመኑት። ፍኖተ ሰላም ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ካርድ ስቀያይር ቆየሁ፤ ጥፋቱ የአንድ ረጅምና ቀጭን ገመድ ነበር። አጭርና ወፍራም ገመድ ስሰካ ወዲያው ተነሳች።

ቀይዋ በርታ አጠገቧ ያለችው አረንጓዴዋ መብራት ጭራሽ ካልነቃች ኃይሉን ነቅላችሁ ካርዱን አውጡና ያለ ካርድ አብሯት። አረንጓዴዋ አራት አራት ጊዜ ብልጭ ካለች መነሻ ፕሮግራሟ (ካርዱ ላይ ሳይሆን ቦርዷ ላይ ያለው) ደህና ነው፤ ጥርጣሬያችሁን ወደ ካርዱ አዙሩ። ያኔም ዝም ካለች መነሻ ፕሮግራሟ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። በሌላ ኮምፒውተር፣ ራስፕቤሪ ፓይ ኢሜጀር በሚባለው ካርድ መጫኛ ፕሮግራም አማካኝነት፣ የመነሻ ፕሮግራሙን ማደሻ በትርፍ ካርድ ላይ ጫኑና ፓይዋ ውስጥ ከትታችሁ አብሩ። አረንጓዴዋ ሳታቋርጥ በፍጥነት ስትርገበገብ፣ ስክሪኑም አረንጓዴ ሲሆን ታድሷል።

ካርዱ በቦታው እያለ አራት ብልጭታ ካያችሁ የማስነሻ ፋይሉን አላገኘችውም፤ ሰባት ከሆነ ከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን ዋና ክፍል። ካርዱ ላይ እየጻፈች ሳለ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የሚደርሰው ጉዳት ይህ ነው። ካርዱን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩት ዊንዶውስ ፎርማት ላድርገው ብሎ ይጠይቃችኋል። እምቢ በሉት! የሚጠይቀው የሊኑክሱን፣ ማለትም የፓይዋን ሲስተም፣ ክፍል ማንበብ ስለማይችል ነው፤ የልጆቹ ውጤት ያለው ግን እዚያው ክፍል ላይ ነው። ሊኑክስ ባለው ኮምፒውተር አስቀድማችሁ የካርዱን ሙሉ ቅጂ ውሰዱ፤ ኤፍኤስሲኬ (fsck) በሚባለው የሊኑክስ የፋይል ስርዓት መጠገኛ መጠገን የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የጎደለ የማስነሻ ፋይል ካለ ተመሳሳይ ስሪት ከተጫነበት ጤነኛ ካርድ ገልብጡ።

አረንጓዴዋ እየሠራች ስክሪኑ ብቻ ከጨለመ፣ የኤችዲኤምአይ ገመዱን ለኃይል መሰኪያው ቅርብ ወደሆነው ቀዳዳ አዛውራችሁ እንደገና አስነሷት።