ከቴፕ ላይ ሶፍትዌር በዩኒክስ እንዴት ይጫናል

አንድ ያረጀ የሰን ሰርቨር፣ ሶላሪስ የሚባለው የሰን ኩባንያ ዩኒክስ የተጫነበት፣ ከነቴፕ ማንበቢያው ተረክባችኋል እንበል። ሲዲ የለውም፣ ኢንተርኔት አልተገናኘም፣ የሚጫነው ሶፍትዌር ያለው ካሴቱ ላይ ብቻ ነው። አብሽሩ፣ ይቻላል። ትዕዛዞቹን እዚህ የምጽፋቸው በስልክ ለጓደኛ እንደማነብላችሁ ነው፤ ኪቦርዱ ላይ ግን በትንንሽ የላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት።

መጀመሪያ ካሴቱን ቶሎ አትክተቱት። ደሴ ጦሳ ሥር ብርድ ውስጥ የከረመ ቴፕ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ወርዶ ወዲያው ማሽን ውስጥ ቢገባ ላዩ ላይ ጤዛ ሊይዝ ይችላል፣ እርጥብ ቴፕ ደግሞ ማንበቢያው ላይ ይጣበቃል። መንገዱ አጭር ነው፣ የአየሩ ልዩነት ግን አጭር አይደለም። ማሽኑ ያለበት ክፍል ውስጥ አስቀምጡትና እደሩ። ነገ ትጭናላችሁ።

ቀጥሎ የመጻፊያ መከላከያው። ትንሿ የዳት ካሴት ጠርዟ ላይ የምትንሸራተት ምላስ አለች፣ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ከታየ ማንም ሊጽፍበት አይችልም። ትልቁ የሩብ ኢንች ካሴት ደግሞ በጠመንጃ መፍቻ የሚዞር ቁልፍ አለው፣ ቀስቱን «ሴፍ» ወደሚለው አዙሩት። ይህን የምጨቀጭቃችሁ በምክንያት ነው፤ ታር የሚባለው፣ ፋይሎችን ቴፕ ላይ የሚጽፍና ከቴፕ የሚያወጣ ትዕዛዝ፣ «ኤክስ» ስትሉት ያወጣል፣ «ሲ» ስትሉት አዲስ ይጽፋል፣ ሁለቱ ፊደሎች ደግሞ ኪቦርዱ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። ጣት ቢስት ያለው ብቸኛ ቅጂ ከመነሻው ይጻፍበታል።

አሁን ካሴቱን ክተቱና በሩት፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ ስም፣ ገብታችሁ እንዲህ በሉ («ኤምቲ» ቴፑን የሚያዝ ትዕዛዝ ነው፣ «/ዴቭ/አርኤምቲ/0» የማንበቢያው ስም ነው)፦

ኤምቲ -ኤፍ /ዴቭ/አርኤምቲ/0ኤን ስታተስ

«ፋይል ኖ= 0 ብሎክ ኖ= 0» ካላችሁ ቴፑ መነሻው ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤን» ቀልድ አይደለችም። ያለ እሷ እያንዳንዱ ትዕዛዝ ሲያበቃ ማሽኑ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው ያጠነጥነዋል። ቴፕ እንደ ዘፈን ካሴት ነው፤ አምስተኛውን ለመስማት አራቱን ማለፍ አለባችሁ። ስለዚህ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ፋይል ስትፈልጉ በ«ኤን» ሆናችሁ «ኤምቲ -ኤፍ /ዴቭ/አርኤምቲ/0ኤን ኤፍኤስኤፍ 1» እያላችሁ ወደፊት ትዘላላችሁ። ግራ ከተጋባችሁ በ«ስታተስ» ፈንታ «ሪዋይንድ» በሉና ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ሳታዩ አትጫኑ። «ታር ቲቪኤፍ /ዴቭ/አርኤምቲ/0ኤን» ምንም ሳያወጣ ዝርዝሩን ብቻ ያሳያችኋል፦ የፋይሉ ፈቃድ፣ መጠን፣ ቀን፣ ስም። ዓይናችሁን ስሙ ላይ ጣሉ። ስሞቹ በስላሽ ከጀመሩ ተጠንቀቁ፤ የድሮው የሶላሪስ ታር በቀጥታ ወደዚያ ቦታ ሄዶ ያለውን ፋይል ይደርብበታል፣ ግኑ ታር የሚባለው ሌላው የታር ዓይነት ግን ስላሿን ቆርጦ ነው የሚያወጣው። «ዳይሬክተሪ ቼክሰም ኤረር» ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቴፑ ተበላሸ ማለት አይደለም፣ በታር አልተጻፈም ማለት ነው። ምናልባት ሲፒአይኦ በሚባለው ሌላ ትዕዛዝ የተጻፈ ነው፣ ወይም ፓኬጅ፣ ማለትም ለመጫን የተዘጋጀ የሶላሪስ ጥቅል፣ ነው።

የታር ከሆነ «ዲኤፍ -ኬ» ብላችሁ ቦታ መኖሩን እዩ፣ ባዶ ፎልደር ክፈቱ፣ ውስጡ ግቡ፣ ቴፑን አጠንጥኑና «ታር ኤክስቪኤፍ /ዴቭ/አርኤምቲ/0» በሉ። ከዚያ የወጣውን «ሪድሚ» የሚል ፋይል አንብቡ። የመጫኛ ስክሪፕቱ ስም እዚያ ነው የሚገኘው። አዎ፣ ማንበብ ያሰለቻል፣ ግን ቡናው አቦል ላይ ሳለ ይነበባል።

ፓኬጅ ከሆነ ሥራው ይቀላል፦

ፒኬጂአድ -ዲ /ዴቭ/አርኤምቲ/0

በቴፑ ላይ ያሉትን ፓኬጆች በቁጥር ይዘረዝርና የትኛውን እንደምትፈልጉ ይጠይቃል። ልብ በሉ፣ ዝም ብላችሁ ኢንተር ከነካችሁ ሁሉንም መረጣችሁ ማለት ነው። የምትፈልጉትን ቁጥር ጻፉ። በመሀል «በሩት ሥልጣን የሚሠራ ስክሪፕት አለው፣ ልቀጥል?» ዓይነት ጥያቄ ይመጣል። ካሴቱ ከየት እንደመጣ ካወቃችሁ «ዋይ»፣ ካላወቃችሁ «ኤን»። ሲጨርስ «ፒኬጂሲኤችኬ» ብላችሁ የፓኬጁን ስም ጨምሩለት። ዝም ካለ ደህና ነው፤ የሚናገረው ችግር ሲኖር ብቻ ነው።

ማሽናችሁ ሌላ ዓይነት ዩኒክስ ከሆነ ትዕዛዙ ይለያል። ኤችፒ-ዩኤክስ ላይ «ኤስደብሊውኢንስቶል -ኤስ /ዴቭ/አርኤምቲ/0ኤም» ነው፣ ኤአይኤክስ ላይ ደግሞ «ኢንስቶልፒ» ሆኖ «-ዲ /ዴቭ/አርኤምቲ0.1» ይከተለዋል። ሁለቱም ላይ «-ፒ» ብትጨምሩ ሳይጭኑ ይሞክሩላችኋል። እኔ ብሆን ይህችን ሙከራ መቼም አልዘልም።

መብራት በመሀል ቢሄድስ? ቴፑ ብዙም አይጎዳም፣ ግማሹ የተጫነው ሶፍትዌር ነው ጣጣው። ማሽኑ ሲነሳ «ፒኬጂኢንፎ -ፒ» በሉ፣ ተጀምሮ ያላለቀውን ይነግራችኋል። እሱን በ«ፒኬጂአርኤም» አንሱትና እንደገና ጫኑ። ዩፒኤስ ካላችሁ ኮምፒውተሩን ብቻ ሳይሆን ቴፕ ማንበቢያውንም ሰኩበት፣ ለብቻው ገመድ ያለው ከሆነ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

በመጨረሻ «ኤምቲ -ኤፍ /ዴቭ/አርኤምቲ/0 ኦፍላይን» ስትሉ አጠንጥኖ ይተፋዋል፤ በእጃችሁ ጎትታችሁ አታውጡት። ምን እንዳለበትና በየትኛው ትዕዛዝ እንደተነበበ ካርዱ ላይ ጻፉና ወደ ማቀፊያው መልሱት።