ሊኑክስ አልጫን ሲል፦ ከፍላሹ እስከ ዋይፋዩ

የአክስቴ ልጅ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ "ሊኑክስ ጫንልኝ" ብሎ ቤት መጣ። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ላፕቶፑን የሚያንቀሳቅስ ሲስተም ነው። ግማሽ ሰዓት ይበቃናል ብዬ ቡና አስፈላሁ። ፍላሹን ሰካን፣ ምርጫው መጣ፣ ኢንተር ነካን። ስክሪኑ ጠቆረ። ጥግ ላይ አንዲት ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ሌላ ምንም የለም።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ጥፋት ልንገራችሁ። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የላፕቶፑ ማስተካከያ) ገብቼ አራት ነገር በአንዴ ቀየርኩ። ሊኑክሱ አልተነሳም። በማግስቱ ደግሞ ደህና የነበረው ዊንዶውስም አልነሳ አለ። ለካ ችግሩ ፍላሹ ነበር። የሊኑክሱን መጫኛ ፋይል ሳወርድ ኔት ተቆራርጦ፣ ጎደሎ ፋይል ነው የጻፍኩበት። ዊንዶውሱን ያበላሸሁት ግን እኔው ነኝ።

ስለዚህ ሁለት ልማድ ያዙ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ካልሠራ ወደነበረበት መልሱና ወደሚቀጥለው እለፉ። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ደግሞ ሁሌ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። "የሆነ ኤረር አለኝ" ብሎ የመጣን ሰው ማንም ሊረዳው አይችልም።

ሊኑክስ ብዙ ዓይነት አለው፤ እዚህ የማወራው ስለ ኡቡንቱና ስለ ሊኑክስ ሚንት ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በእነዚህ ነው፤ ሚንትም የተሠራው ኡቡንቱ ላይ ስለሆነ የአንዱ መፍትሔ አብዛኛውን ጊዜ ለሌላውም ይሠራል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ፋይላችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ። "ዊንዶውሱን ሳልነካ ጎን ለጎን ነው የምጭነው" የሚል ሰውም ይገልብጥ።

ቀጥሎ ቢትሎከርን እዩ። የዊንዶውስን ዲስክ የሚቆልፍ ነገር ነው፤ እናንተ ሳታውቁት በርቶ ሊሆን ይችላል። ከበራ፣ ባዮስ ውስጥ አንድ ነገር ነክታችሁ ስትመለሱ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁልፉ ብዙ ጊዜ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ቀድማችሁ ፈልጉትና ወረቀት ላይ ጻፉት። ላፕቶፑ ውስጥ እንዳታስቀምጡት ብቻ!

ሌላው ፋስት ስታርትአፕ ነው። እሱ በርቶ ከሆነ ዊንዶውስን "ሻት ዳውን" ስትሉት በደንብ አይጠፋም፣ ግማሽ እንቅልፍ ነው የሚተኛው። ሊኑክስም የዊንዶውሱን ክፍል ለመንካት እምቢ ይላል። ከኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ ገብታችሁ አጥፉት። ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ሺፍትን ተጭናችሁ ሻት ዳውን በሉ፤ ያኔ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል።

ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነና መብራት ሄድ መጣ የሚልበት ሰፈር ከሆናችሁ፣ መብራት የሚረጋበትን ሰዓት ምረጡ። ዲስክ እየተከፋፈለ ሳለ መብራት ከሄደ ጉዳቱ ከባድ ነው።

ፍላሹን መጠርጠር

የኡቡንቱ ፋይል ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል፤ የሚንት ግማሹን ያህል ነው። በተቆራረጠ ኔት ይህን ያህል ማውረድ ልብ ያደርቃል። ሁለቱም በቶረንት (ፋይልን ከብዙ ሰው ኮምፒውተር በቁራጭ በቁራጭ በሚያወርደው መንገድ) ይገኛሉ፣ እኔም በቶረንት ነው የምመክረው። ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፤ እያንዳንዷን ቁራጭም ራሱ እያጣራ ይሄዳል።

በብራውዘር ካወረዳችሁ ግን ራሳችሁ አጣሩ። ፋይሉን ያወረዳችሁበት ገጽ ላይ 64 ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ረጅም መስመር አለ፤ ሻ-256 ይባላል። ዊንዶውስ ላይ ሰቨን-ዚፕ ካላችሁ፣ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ሻ-256ን ምረጡ። የሚያወጣላችሁ መስመር ገጹ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ሁሉንም ማንበብ የለባችሁም፤ የመጀመሪያውን ስድስትና የመጨረሻውን ስድስት ካያችሁ ይበቃል። ፋይሉ ጎድሎ ከሆነ መስመሩ ጨርሶ ሌላ ነው የሚሆነው። ያን ዕለት ይህን ሁለት ደቂቃ ብሰጠው ኖሮ የአክስቴ ልጅ ሦስት ቀን ባልተመላለሰ ነበር።

ፋይሉን ፍላሽ ላይ ኮፒ-ፔስት ማድረግ አይሠራም። ሩፈስ ወይም ኤቸር በሚባል ፕሮግራም ነው የሚጻፈው። ፍላሹ 8 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ የሠርግ ፎቶ ካለበት አስቀድማችሁ አውጡት።

ከፍላሹ አልነሳ ካለ

ላፕቶፑን እንዳበራችሁ የቡት ምርጫውን (ከዲስክ ወይስ ከፍላሽ ልነሳ የሚለውን) ቁልፍ ደጋግማችሁ ንኩ። ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ 12 ነው። ኤችፒ ላይ ኤፍ 9፣ አሱስ ላይ ኢስኬፕ። አንዳንዱ ላፕቶፕ የኤፍ ኤን ቁልፍን አብራችሁ እንድትጫኑ ይፈልጋል።

ፍላሹ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ በሌላ ቀዳዳ ሰክታችሁ ሞክሩ፤ በዩኤስቢ ማከፋፈያ አትሰኩት። አሁንም ከሌለ በሌላ ፍላሽ ሞክሩ። ርካሽ ፍላሽ ፊልም ለመያዝ ይበቃል፣ ለዚህ ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ጉድ ይሠራል።

ሴኪውር ቡትን ወዲያው አታጥፉ፤ የታወቀ ፊርማ የሌለው ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክል የባዮስ ጥበቃ ነው። ኡቡንቱም ሚንትም እሱ በርቶ ይነሳሉ። ስለ ፊርማ ወይም ስለ ሴኪውሪቲ የሚል መልእክት ካመጣ ብቻ አጥፍታችሁ ሞክሩ።

እዚህ ጋ ያገለገለ ላፕቶፕ ለምትገዙ አንድ ነገር ልበል። ውጭ አገር ከድርጅት የወጡ ላፕቶፖች ባዮሳቸው በፓስወርድ ተቆልፎ ሊመጣ ይችላል። ዊንዶውሱ ይሠራል፣ ሱቁ ውስጥ ሁሉም ደህና ይመስላል። ቤት ገብታችሁ ከፍላሽ ላስነሳ ስትሉ ግን ፓስወርድ አምጡ ይላችኋል። "ባትሪውን ነቅለህ መልሰው" የሚለው ዘዴ የቢሮ ላፕቶፖች ላይ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊት ባዮስ ገብታችሁ አንድ ነገር ቀይራችሁ ሴቭ አድርጉ።

ሳትጭኑ ሞክሩት

ሊኑክስ ከፍላሹ ላይ እንዳለ ሙሉ ሆኖ ይነሳል፤ ዲስካችሁን አይነካም። ይህ ነጻ ፈተና ነው፤ አትዝለሉት። ዋይፋዩን አገናኙ። ድምፅ ክፈቱ። ካሜራውን እዩ። ታችፓዱን በሁለት ጣት ጎትቱ። ክዳኑን ዘግታችሁ ክፈቱና ከእንቅልፍ መንቃቱን እዩ። የስክሪኑን ብርሃን ከፍ ዝቅ አድርጉ። ከፍላሹ ላይ የሠራ ነገር ሲጫንም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። እዚህ ያልሠራውን ደግሞ ጻፉት፤ ምን እንደሚቸግራችሁ ከመጫናችሁ በፊት አወቃችሁ ማለት ነው።

ዲስኩንም እዚሁ መርምሩ። "ዲስክስ" የሚል ፕሮግራም አለ። ሃርድ ዲስካችሁን መርጣችሁ፣ ከላይ ያሉትን ነጥቦች ነክታችሁ "ስማርት ዳታ" የሚለውን ክፈቱ። ዲስኩ ሊሞት መሆኑን የሚነግራችሁ እሱ ነው። እየሞተ ያለ ዲስክ ላይ ምንም ብትጭኑ ውሃ ቢወቅጡት ነው።

ስክሪኑ ከጠቆረ

ፋይሉ ደህና ከሆነና ስክሪኑ አሁንም ከጠቆረ፣ የተለመደው ጥፋተኛ የግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚያወጣው) ነው፤ ኤንቪዲያ የሚባለው ካርድ ያለባቸው ላፕቶፖች ላይ ይበዛል። ፍላሹ ሲነሳ የሚመጣው ምርጫ ላይ ኡቡንቱ "ሴፍ ግራፊክስ"፣ ሚንት ደግሞ "ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ" የሚል መስመር አላቸው። በዚያ ግቡ። ስክሪኑ ጽሑፉን አተልቆ፣ ደብዘዝ ብሎ ሊመጣ ይችላል። አትደንግጡ፣ ለመጫኛ ብቻ ነው።

ከተጫነ በኋላም መልሶ ከጠቆረስ? ላፕቶፑ ሲነሳ ሺፍትን ተጭናችሁ ቆዩ፤ አዳዲሶቹ ላይ ኢስኬፕን አንዴ ነካ ማድረግ ነው። ግራብ የሚባለው ምርጫ ይመጣል። የመጀመሪያው መስመር ላይ እንዳላችሁ የእንግሊዝኛውን "ኢ" ፊደል ንኩ። ብዙ ጽሑፍ ይከፈታል። ከመሃሉ "ሊኑክስ" በሚለው ቃል የሚጀምረውን ረጅም መስመር ፈልጉና መጨረሻው ላይ ሂዱ። አንድ ክፍት ቦታ ተዉና ኖሞድሴት ብላችሁ ጻፉ፤ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል፣ ሳይነጣጠል፦ ኤን፣ ኦ፣ ኤም፣ ኦ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ቲ። ከዚያ ኤፍ 10 ንኩ። ይህ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነው። ገብታችሁ ትክክለኛውን ድራይቨር (ሲስተሙን ከካርዱ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ስትጭኑ ነገሩ ያበቃል፤ እሱ ጋ አሁን እንደርሳለን።

መጫኛው ዲስኩን አላየሁም ካለ

ያን ዕለት የአክስቴን ልጅ ዊንዶውስ የገደለው ይህ ነው። ባዮስ ውስጥ የዲስኩ አሠራር "ሬይድ" ወይም "አርኤስቲ" ላይ ከሆነ መጫኛው ዲስኩን ላያየው ይችላል። ወደ "ኤኤችሲአይ" ሲቀየር ያየዋል። ግን ዝም ብላችሁ ከቀየራችሁ ዊንዶውሱ አይነሳም።

ዊንዶውሱን የምትፈልጉት ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ (የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት መንገድ) እንዲነሳ አዘጋጁት። ሪስታርት አድርጋችሁ ባዮስ ግቡና ኤኤችሲአይ አድርጉት። ዊንዶውሱን በሴፍ ሞድ አንዴ አስነሱት፤ የሚያስፈልገውን ድራይቨር ራሱ ያነሳል። ከዚያ ሴፍ ሞዱን አጥፉና እንደተለመደው አስነሱት። እኔም ወደ ሬይድ ስመልሰው ነው ዊንዶውሱ የተነሳልኝ፤ እፎይ አልኩ።

መጫኛው መሃል ላይ የሚቆም ከሆነ የት ላይ እንደሚቆም አስተውሉ። ሁሌ እዚያው ቦታ ከሆነ ፍላሹን ወይም ዲስኩን ጠርጥሩ። አንዴ 20 በመቶ፣ አንዴ 70 በመቶ ላይ ከሆነ ራሙን ጠርጥሩ። የፍላሹ ምርጫ ላይ "ሜሞሪ ቴስት" የሚል ካለ ለሊቱን እንዲሠራ ትታችሁት ተኙ። ሁለት ራም ካለው አንዱን አውጥታችሁ መሞከርም ይቻላል።

ተጭኗል፣ ዋይፋይ ግን የለም

ይህኛው በጣም የተለመደ ነው። ኔት የሚሰጠውን ድራይቨር ለማውረድ ኔት ያስፈልጋል። መውጫው ስልካችሁ ነው። በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙት፤ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ "ዩኤስቢ ቴዘሪንግ"ን አብሩ። ሊኑክስ እንደ ኬብል ኔት ነው የሚያየው፣ ምንም መጫን አይፈልግም። ዳታችሁን ግን ጠብቁ፤ ሲስተሙ አፕዴት ላድርግ ካላችሁ ለጊዜው እንቢ በሉት፣ ፓኬጁን በአንዴ ሊውጠው ይችላል።

ከዚያ ሚንት ላይ "ድራይቨር ማናጀር"፣ ኡቡንቱ ላይ "አዲሽናል ድራይቨርስ" የሚለውን ክፈቱ። የዋይፋዩ ካርድ ብሮድኮም ከሆነ፣ ወይም ኤንቪዲያ ካላችሁ፣ የሚመከረውን ድራይቨር እዚያ ታገኙታላችሁ። መርጣችሁ አስጭኑና ሪስታርት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ሴኪውር ቡት በርቶ ከሆነ ድራይቨሩ ሲጫን ፓስወርድ አውጡ ይላችኋል። ሪስታርት ስታደርጉ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ብዙው ሰው ደንግጦ ያልፈዋል፤ ትንሽ ከቆያችሁም ራሱ ያልፋል። ድራይቨሩ የተጫነ ይመስላል፣ ግን አይሠራም። ቶሎ ብላችሁ አንድ ቁልፍ ንኩ፣ "ኢንሮል ሞክ"ን ምረጡና ያወጣችሁትን ፓስወርድ አስገቡ።

ድራይቨር ማናጀሩ ምንም ካላሳየ የካርዱን ስም ማወቅ አለባችሁ። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ክፈቱና አምስት ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፦ ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ። ኢንተር። ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ "ኔትወርክ ኮንትሮለር" የሚለው መስመር የካርዱን ስምና ሞዴል ይዟል። ኢንተርኔት ላይ የምትፈልጉት የላፕቶፑን ስም ሳይሆን ይህን ነው፤ አንድ ዓይነት ላፕቶፕ ውስጥ የተለያየ ካርድ ሊኖር ይችላል። እርዳታ ስትጠይቁም ይህን መስመር፣ የሊኑክሱን ስሪትና የኤረሩን ፎቶ አብራችሁ ስጡ።

ድምፅ ከሌለ ብዙም አትጨነቁ። ሳውንድ ሴቲንግ ውስጥ ድምፁ በኤችዲኤምአይ እንዲወጣ ተመርጦ ሊሆን ይችላል። ወደ ስፒከር ቀይሩት።

ሰዓቱ ተዛባ

ሁለቱን ጎን ለጎን ከጫናችሁ፣ ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ስትመለሱ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። የሀበሻና የፈረንጅ ሰዓት ልዩነት እንዳይመስላችሁ፣ እሱ 6 ነው። ሊኑክስ የላፕቶፑን ውስጣዊ ሰዓት በግሪንዊች ይይዛል፣ ዊንዶውስ ደግሞ በአገሩ ሰዓት። እኛ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ስለምንቀድም ልዩነቱ ያው 3 ይሆናል። ዱባይ ያለ ሰው 4 ያያል። ዊንዶውስ ላይ ሰዓቱን "ሲንክ" ስትሉት ይስተካከላል፣ ሊኑክስ ደርሳችሁ ስትመለሱ ግን ይደገማል።

ቀኑ ጭራሽ ብዙ ዓመት ወደኋላ ሄዶ ካገኛችሁት ሌላ ጉዳይ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ አልቃለች። ቀኑ ሲዛባ ድረ ገጾች "ደህንነቱ ያልተጠበቀ" እያሉ አይከፈቱም፣ አፕዴትም አይወርድም፣ እናንተ ግን ዋይፋዩን ስትጠረጥሩ ትውላላችሁ። የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ይህም ነበረበት። ባትሪዋን ቀየርንለት።